የጡሩምባው ሰዓት

የእድራችን ጡሩምባ የሚያውቀው አንድ ቃል ነው፤
ሌሊት ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ፣ ጎህ ሳይቀድ የምንሰማው፣
ከሽምብጥ ጫፍ ተነስቶ አስፋልቱን ተሻግሮ
«ተነሱ፣ ሰው ሄዷል» የሚለን አምርሮ።
እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ ይኸው አስራ ሁለት ዓመቴ፣
ስም ስጽፍ፣ ስም ስሰርዝ አለቀ ጉልበቴ።

ዘንድሮ፣ ሰኔ አጋምሶ ዝናቡ ሲጠፋ፣
ይስማው እጁን አወጣ። ጡረተኛው ቆጣሪ አንባቢ፣
ሰላሳ ዓመት ሙሉ ከግቢ ወደ ግቢ
ውሻ እያባረረው ቁጥር ሲለቅም የኖረ፤
ዛሬም ሰው ቤት ሲገባ፣ ሰላምታውን ትቶ
ግድግዳው ላይ ቆጣሪ የሚፈልግ አንጋጦ።

«ልጅ ሆኜ ልብሴን የማጥብበት ድንጋይ ነበር።
ውሃው እስከ ጉልበቴ። ትናንት ሄጄ አየሁት።
ፍየል ታስሮበታል።»

ዝም አልን።

«የምናበራው መብራት ከየት ነው የሚመጣው?»
«ከውሃ!» አሉ ልጆች፣ በር ላይ የተኮለኮሉ።
«ውሃውስ?»
ማንም አልመለሰም።
በመስኮቱ ጣና ይታያል፣ እምቦጭ እንደ ጋቢ ተከናንቦ።

«እንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት
እስከ ሁለት ሰዓት እናጥፋ መብራት።
ምትኩ ከሰል አይደለም፣ ጄኔሬተርም አይደለም፤
ደጅ ወጥቶ መቀመጥ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።»

ትሁኔ ዓሣ ሻጯ ብድግ አለች በቁጣ፦
«ፍሪጄስ? ቀረሶዬ ሲገማ ማን ሊገዛኝ ይመጣ?»
ፍሪጅ አይነካም ተባለ።
ምንይችል በያጁ «ብየዳዬስ?» ሲል፣
«አንተ ቀን በይድ፣ እኛም እንተኛበት!» አለው ጉባኤው ባንድ አፍ።

ከኋላ ጥሩዬ፣ የኮሌጇ ልጅ፦
«ሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎችስ? ዛፍ ላይ ሳይቀር አምፖል ሰቅለው፣
ወፍ እንኳ እንቅልፍ አጥቶ እያደረ፣
የኛ አርባ ሁለት ቤት ቢጨልም
ለጣና ምኑ ነው?»
ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «ድር ቢያብር…» ብሎ ሲጀምር
«እሱን ሰምተናል» አለችው።
ሳቅን። የሳቅነው መልስ ስላልነበረን ነው።

ይስማው ብቻ አልሳቀም፦
«እኔ ጣናን አልሞላም፣ ሰማዩንም አላዝም።
ግን እድር ምንድን ነው? ሰው ከሞተ በኋላ
ድንኳን ይዘን የምንሮጥ፣ ወጥ ይዘን የምንመጣ፣
ሳይሞት የማንደርስ?
እስቲ አንድ ጊዜ ቀድመን እንድረስ።»

ጻፍኩት። ቅጣቱ አምስት ብር።

ሐሙስ ማታ ጡሩምባው ተነፋ።
ወይ ጉድ! ስብሰባ ያልመጡት እትዬ ይታክቱ
ነጠላ ዘቅዝቀው፣ ደረት እየመቱ፣
«ማን ነው ልጄ? ማን ነው? የማን ቤት ፈረሰ?»
«ማንም አልሞተም እትዬ።»
«ታዲያ በጤና ጡሩምባ ይነፋል?»
«እንዳይሞት ነው» አለ አንድ ሕፃን።
«ማን?»
ልጁ በአገጩ ወደ ውሃው ጠቆመ።
አሮጊቷ ቆመው አዩ፣ ብዙ ቆዩ።
ነጠላቸውን ግን አላቃኑትም።

ከዚያ አምፖል ካምፖል ጠፋ፣ መስኮት ከመስኮት፤
የደንገሉ ሹክሹክታ መጣ እስከ በራችን ድረስ፣
የእንቁራሪቱም ጫጫታ፣ ለካ ሁልጊዜ ነበረ።
የጎረቤቴን ድምፅ ያለ ፊቱ ሰማሁት፤
አምስት ዓመት ያኮረፍኩትን ሰው፣ ሳላውቀው፣
«በርጩማውን ጠጋ በል» አልኩት።

ይስማው በባትሪ ቆጣሪ ለቆጣሪ ይዞራል፣
ዲስኩ ሲንቀራፈፍ እያየ
እንደ ሐኪም አንገቱን ይነቀንቃል።

በሦስተኛው ሐሙስ የትልቁ ሆቴል ግማሽ ጎን ጨለመ።
ሰምተው ይሁን፣ መብራት ሄዶባቸው ይሁን፣ አላወቅንም፤
በዚህ ከተማ ይህን መለየት ቀላል አይደለም።
ጥሩዬ ግን አጨበጨበች።

ከመዝገቤ፦
«ሐሙስ። ጡሩምባ ተነፍቷል። የተቀጣ አንድ፣ ጸሐፊው ራሱ፤
የመጸዳጃ ቤቱን አምፖል ረስቶ።
ድንጋዩ ጋ ተሂዶ ታይቷል፤ ፍየሏ አሁንም አለች።
የሟች ስም፦»

ቦታውን ባዶ ተውኩት።